ከማሞቂያው በፊት ገንዳውን ይወቁት፦ የቤት መዋኛ ገንዳ ስለማሞቅ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ በግቢያችን ውስጥ 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ክፍት የመዋኛ ገንዳ አለን። ውሃው ከ20 ዲግሪ ስለማያልፍ ልጆቼ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጡ ይወጣሉ። ማሞቂያ ለመግዛት ወስኛለሁ። አንዱ ሻጭ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ሌላው የጋዙን፣ ሦስተኛው ደግሞ የሙቀት ፓምፕ የሚባለውን እንድገዛ መከሩኝ። የትኛውን ልምረጥ? የት ቦታ ይገጠም? ራሴስ ልገጥመው እችላለሁ?

ምላሽ፦

ሦስቱም ሻጮች ስለሚሸጡት ዕቃ ነግረውዎታል፤ ገንዳዎ ሙቀቱን በየት በኩል እንደሚያጣ የጠየቀዎት ግን ያለ አይመስልም። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት «ማሞቂያው አልሠራ አለ» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ማሞቂያው ምንም አልሆነም ነበር። ቀን ሙሉ የሰጠውን ሙቀት ገንዳው በአንድ ሌሊት ይለቀዋል፤ በማግስቱ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ቀዝቀዝ ባለ ማለዳ ተነሥተው ገንዳውን ይመልከቱት። ከውሃው ገጽ ላይ እንደ ስስ ጭስ እየተነሣ የሚበተን ነገር ያያሉ። ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያ የሚሄደው የእርስዎ ሙቀት ነው። ክፍት ገንዳ ከሚያጣው ሙቀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ትነት ነው። በግድግዳውና በወለሉ በኩል ወደ አፈር የሚሰርገው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። የእርስዎ ገንዳ 48 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ዲግሪ 56 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትፈጃለች። ከ20 ወደ 28 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 450 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህ በመጀመሪያው ማሞቅ የሚወጣ ወጪ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚከፈለው ለትነቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የገንዳዎ ገጽ 32 ሜትር ካሬ ስለሆነ፣ በነፋሻማ ቀን ውሃው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀንስ እንኳ 160 ሊትር ተነነ ማለት ነው። አብሮት የሚሄደው ሙቀት 109 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህም መላውን ገንዳ በ2 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር የእርሳስ ውፍረት እንኳ የማይሞላ ልክ ስለሆነ፣ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም።

ስለዚህ ከማሞቂያው በፊት ሽፋን ይግዙ። ይህን የምለው እንደ ተጨማሪ ምክር ሳይሆን እንደ ቅድመ ሁኔታ ነው። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውና በአንድ ወገኑ የአየር አረፋዎች ያሉት ፕላስቲክ ሽፋን ለቤት ገንዳ በቂ ነው፤ ገንዳው ሥራ ላይ በማይውልበት ሰዓት ሁሉ ከተዘረጋ የማሞቂያ ወጪውን ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። አረፋው ወደ ውሃው፣ ልሙጡ ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ ተገልብጦ ተዘርግቶ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ገንዳ ከሆነ ብርሃን የሚያሳልፈውን ይምረጡ፤ ጨረሩ በሽፋኑ በኩል አልፎ ውሃውን ራሱን ያሞቀዋል።

ልጆች ባሉበት ቤት ግን አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ይህ ተንሳፋፊ ሽፋን ሰው አይሸከምም። ልጅ ከረገጠው አብሮት ይሰምጣል፤ ፕላስቲኩም ከላይ ስለሚጠቀለልበት መውጫ ያጣል፤ በውጭ ያለ ሰውም አያየውም። ከመዋኘት በፊት ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ ግማሹን ጠቅልሎ በቀረው ግማሽ መዋኘት ፈጽሞ አይፈቀድ። የገንዳው አጥርና የሚቆለፍ በሩም ሽፋን ተገዛ ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

ወደ ማሞቂያው ከመሄዳችን በፊት ገንዳው እንደማያፈስ ያረጋግጡ፤ የሚያፈስ ገንዳ ማሞቅ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው በመውጫው ደረጃ ላይ ያስቀምጡት፤ ከንፈሩ ከውሃው በላይ ይሁን። በባልዲው ውስጥና በውጭ በኩል ውሃው የደረሰበትን በቀለም ያመልክቱ። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ትነት ነው። የገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከቀነሰ ግን ስንጥቅ ወይም የሚያፈስ ቧንቧ አለና መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

አሁን ወደ ምርጫው። በጋለ የብረት ሽቦ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሠራሩ ከውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ አይለይም። የሳበውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሰጥም። ለእርስዎ ገንዳ 14 ኪሎዋት ያህል ቢያስፈልግ፣ በ230 ቮልት ባለ አንድ ፌዝ መስመር ከ60 አምፔር በላይ ይስባል፤ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ይህን የሚችል መስመር የላቸውም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነና ለመግጠም ስለሚቀል ሻጮች ይወዱታል። ለጠባብ ሙቅ ገንዳ ጥሩ ነው፤ ለ48 ሜትር ኩብ ግን አልመክርም።

የጋዙ ትልቅ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። 75 ኪሎዋት የሚሰጥ ማሞቂያ የእርስዎን ገንዳ ከ20 ወደ 28 ዲግሪ በስድስት ወይም በሰባት ሰዓት ያደርሰዋል፤ የውጭው አየር መቀዝቀዝም እምብዛም አያግደውም። አልፎ አልፎ፣ ለምሳሌ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ለሚዋኝ ቤተሰብ እሱ ይሻላል። ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ከተጻፈበት አቅም ያነሰ ይሰጣልና፣ ለከፍታው የሚስማማውን ማስተካከያ አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሚያወጣው ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። የጋዝ ማሞቂያ ለእሱ በተሠራ የጭስ መውጫ ካልሆነ በቀር በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ወይም በመኝታ ቤት መስኮት ሥር ጨርሶ አይተከልም። በዝናብ እንዳይበላሽ ተብሎ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሮ ያገኘሁትን ማሞቂያ ወዲያውኑ አጥፍቼ፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ እስኪያልቅ ድረስ አልሄድኩም።

የፀሐይ ማሞቂያ ነዳጅ አይጠይቅም። የገንዳውን ገጽ ግማሽ እስከ ሙሉ ያህል ስፋት ያላቸው ጥቋቁር ፓነሎች፣ በእርስዎ ቤት ከ16 እስከ 32 ሜትር ካሬ ማለት ነው፣ ጣሪያ ላይ ይዘረጉና ውሃው በውስጣቸው ያልፋል። ሰፊና ፀሐይ የሚያገኝ ጣሪያ ካለዎት ግሩም ነው። ደመና በበዛ ሳምንት ግን ልጆቹን ማስታገስ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

የሙቀት ፓምፕ ሙቀት አያመነጭም፤ ካለበት ያመጣል። የቤት ማቀዝቀዣ ከውስጡ ሙቀት ወስዶ በጀርባው እንደሚያወጣው፣ ይህም ከውጭው አየር ሙቀት ወስዶ ወደ ውሃው ያስገባል። ለዚህም ነው ለሚፈጀው 1 ኪሎዋት ከ3 እስከ 7 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጠው። ቅድም ያሰላነውን 109 ኪሎዋት ሰዓት በሽቦ ማሞቂያ ለመተካት 109 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይከፍላሉ። አምስት እጥፍ በሚሰጥ የሙቀት ፓምፕ ወደ 22 ይወርዳል፤ ሽፋን ሲጨመርበት ደግሞ 10 ገደማ ይሆናል። ልጆችዎ በየቀኑ የሚዋኙ ከሆነ፣ የእርስዎ ቤት መልስ ይህ ነው፦ ሽፋንና 14 ኪሎዋት ገደማ የሚሰጥ የሙቀት ፓምፕ።

ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አቅም አየሩ 26 ወይም 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 80 በመቶ ሆኖ ሲለካ የተገኘ ነው። ማሞቂያ የሚያስፈልገው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አየሩ እንዲህ የሞቀለት ሰው አይደለም። በመግለጫው ሠንጠረዥ ውስጥ አየሩ 15 ዲግሪ ሲሆን የሚሰጠው አቅም በሌላ መስመር ተጽፏል፤ ከመጀመሪያው በጉልህ ያነሰ ቁጥር ነው። የሚወስኑት በዚያ መስመር ይሁን። ሻጩ ያን ሠንጠረዥ ሊያሳይዎ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብዙዎቹ ይደክማሉ፤ ስለዚህ በሌሊት ሳይሆን አየሩ በሚሞቅበት በእኩለ ቀን አካባቢ እንዲሠራ ያድርጉት። ቀን ያሞቃል፣ ሌሊት ሽፋኑ ይጠብቃል።

ቦታውን በተመለከተ፣ የሙቀት ፓምፕ ብዙ አየር ይምጋል፣ ቀዝቃዛ አየርም ይተፋል። የተፋውን መልሶ ከማገው በራሱ ቅዝቃዜ ይታፈናል። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ወይም ዝቅ ባለ ክዳን ሥር አይቀመጥ፤ በስተጀርባው ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ማራገቢያው በሚተነፍስበት በኩል ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሜትር ክፍት ይተውለት። ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ የኮንክሪት መደብ ላይ፣ ከሥሩ ላስቲክ ተደርጎለት ይቁም። ከማጣሪያው በጣም የራቀ ከሆነ በቧንቧው ላይ ሙቀት ይባክናል። ድምፅም አለውና የጎረቤትን መስኮት ያስቡ።

ወደ ቧንቧው ስንመጣ ትንሽ ብቆይ ይሻለኛል፤ ማሞቂያዎች ሳያረጁ የሚሞቱት እዚህ ነውና።

የውሃው መንገድ እንዲህ ነው፦ ከገንዳው ወደ ውሃ መግፊያው ፓምፕ፣ ከፓምፑ ወደ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው ወደ ማሞቂያው፣ ከማሞቂያው ወደ ክሎሪን ማደያው፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። ማሞቂያው ከማጣሪያው በኋላ የሚሆነው ንጹሕ ውሃ ብቻ እንዲገባበት ነው። ክሎሪኑ ደግሞ ምንጊዜም ከማሞቂያው በኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ ይሁን። በሁለቱ መካከል ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ይግባ፤ ፓምፑ ሲቆም የተጠራቀመው ክሎሪን ወደ ኋላ ተመልሶ ሌሊቱን ሙሉ በማሞቂያው ውስጥ እንዳያድር ይከለክለዋል።

ይህን የማጠብቀው ያየሁትን ስላየሁ ነው። ከተገጠመ ሁለት ዓመት ያልሞላውን አንድ የጋዝ ማሞቂያ ፈትቼ የመዳብ ቱቦውን ሳወጣ፣ መታጠፊያው ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ በጣቴ ስነካው ተበሳ። በውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ተጋግሯል። የገንዳው ግድግዳም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እድፍ ይዞ ነበር፤ ያ እድፍ ከማሞቂያው የሟሟው መዳብ ነው። ባለቤቱ ምንም ያጠፋ አልመሰለውም፤ የክሎሪን እንክብሉን በገንዳው ጠርዝ ባለው የስኪመር ቅርጫት ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ቀስ ብሎ የሚሟሟው እንክብል እጅግ አሲዳማ ነው፤ እሱ የነካው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ 3 ሊወርድ ይችላል። ከቅርጫቱ የሚሳበው ያ ውሃ ሳይበረዝ በቀጥታ በማሞቂያው ውስጥ ያልፋል። እባክዎ በስኪመሩ ውስጥ እንክብል አይጨምሩ። ጨውን ወደ ክሎሪን የሚለውጥ መሣሪያ ካለዎት ደግሞ ሙቀት መለዋወጫው፣ ማለትም ውሃው ሙቀት እየተቀበለ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ታይታኒየም ከሚባለው የማይበላ ብረት የሆነውን ይምረጡ። የሙቀት ፓምፖች አብዛኞቹ በታይታኒየም የተሠሩ ናቸው፤ ቢሆንም ጠይቀው ያረጋግጡ።

የውሃው ጠባይም የዚሁ ጉዳይ ክፍል ነው። ፒኤች በ7.2 እና በ7.8 መካከል፣ አልካላይነት (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም፣ የካልሲየም ጥንካሬ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ይሁን። ፒኤች ሲወርድ ብረቱ ይበላል፤ ፒኤችና ካልሲየም ሲበዙ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገርና ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ያግዳል። የሞቀ ውሃ ክሎሪን ፈጥኖ ስለሚጨርስ፣ እስከ አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ይለኩ ከነበረ ከእንግዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለኩ።

ሌላው እንዳይቀር የምለምንዎት ባይፓስ፣ ማለትም ውሃው ማሞቂያውን ዘልሎ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ሦስት ቫልቮች ብቻ ናቸው። አንዱ ወደ ማሞቂያው በሚገባው፣ አንዱ በሚወጣው፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል በቀጥታ በሚያልፈው ቧንቧ ላይ ይገጠማል። ማሞቂያው ለጥገና ሲወጣ ገንዳው መጣራቱን አያቆምም፤ ውሃው በብዙ ክሎሪን በሚታከምበት ቀንም ማሞቂያውን ከመንገዱ ያወጡታል። በሦስተኛው ቫልቭ በማሞቂያው የሚያልፈውን የውሃ መጠን ይቆጣጠራሉ። አንዳንድ ገጣሚዎች ቧንቧና ቫልቭ ለመቆጠብ ይተዉታል፤ ብልሽት ሲመጣ ቧንቧው በመጋዝ ይቆረጣል።

ራሴ ልግጠመው ወይ ላሉት፣ መደቡን ማዘጋጀትና ሽፋኑን መዘርጋት ይችላሉ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ማጣበቅ የለመዱ ከሆነም ቧንቧውን መዘርጋት ይችላሉ። ኤሌክትሪኩንና ጋዙን ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉ። እርጥብ ገላ የኤሌክትሪክ ንዝረትን የሚቋቋምበት አቅሙ እጅግ ያነሰ ነው፤ በገንዳ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሁለንተናው እርጥብ ነው። ማሞቂያው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከ30 ሚሊአምፔር ያልበለጠ፣ ከመስመሩ ያፈተለከ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያገኝ ወዲያውኑ የሚያቋርጥ መከላከያ ይገጠምለት። የመሬት ገመዱ በመሣሪያ ይለካ፤ ማሞቂያው፣ ፓምፑ፣ መሰላሉና በገንዳው ዙሪያ ያለው ብረት ሁሉ በአንድ ገመድ እርስ በርስ ይያያዝ። ሠራተኛው የመጨረሻውን እንደ ትርፍ ሥራ ከቆጠረው ሥራውን አይረከቡት።

ሥራው ተጠናቅቆ ማሞቂያው መሥራት ሲጀምር ብዙ ሰው የሚደነግጠው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ ለእጅ ሞቅ አለማለቱ ነው። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ውሃ ቢያልፍበት 14 ኪሎዋት የሚሰጠው ማሞቂያ የሚጨምረው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር፣ ሲገባና ሲወጣ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ከሆነ በደህና እየሠራ ነው። ልዩነቱ በጣም ሰፍቶ ካገኙት የሚያልፈው ውሃ አንሷል፤ ማጣሪያውን ያጽዱ ወይም የባይፓሱን ሦስተኛ ቫልቭ ጥቂት ይዝጉት። ማሞቂያው የሚሠራው ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ብቻ መሆኑንም አይርሱ። እስከ አሁን ፓምፑን በቀን ለአራት ሰዓት ብቻ ያስነሡ ከነበረ፣ ለመጀመሪያው ማሞቅ ሽፋኑን ዘርግተው ሁለቱንም ያለማቋረጥ ሁለት ሦስት ቀን ያሠሯቸው።

ሁለተኛው ከሙቀት ፓምፑ ሥር የሚታየው ውሃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ «ያፈሳል» ብለው የሚደውሉልኝ ብዙዎች ናቸው። አየሩ በቀዝቃዛው የብረት ገጽ ላይ ሲያልፍ በውስጡ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ እርጥበት ባለበት ቀን በሰዓት ብዙ ሊትር ሊሆን ይችላል። ለመለየት ማሞቂያውን ያጥፉና የውሃውን ፓምፕ ብቻ እንዲሠራ ይተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንጠባጠቡ ካቆመ ጤዛ ነበር። ካላቆመ የተንጠባጠበውን በክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይንኩት፤ ጤዛ ክሎሪን የለውም። ወረቀቱ ቀለሙን ከቀየረ የሚወጣው የገንዳው ውሃ ነውና ወደ ማሞቂያው በሚገባውና በሚወጣው ቧንቧ ላይ ያሉትን ሁለት ቫልቮች ዘግተው ገጣሚውን ይጥሩ።